ዝምተኛው ዳኛ

ካይሮ፣ ኅዳር 4 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአያ እንዳላማው፤ ደብረ ኤልያስ።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እናቴ የብርጓል እንዴት ናት? አዝመራውስ፣ ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ በአምላክ ቸርነት ደህና ነኝ። ለትምህርት ከአገር ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋው ወዲህ አምስት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ይህን ስድስተኛውን በካርቱም በኩል ላክሁት። የእኛው አገር ነጋዴ አንሙት በቅሎዎቹን እየነዳ እስከ ሱዳን ድንበር እንደሚመላለስ ስለ ሰማሁ፣ ከእጁ ቢደርስ ከእጅዎ ይደርሳል ብዬ ነው።

የምማረው ትምህርት አስተዳደር ይባላል። ሹም እንዴት እንደሚሾምና እንደሚሻር፣ ግብር እንዴት እንደሚገባ፣ ሕዝብና መንግሥት እንዴት እንደሚኗኗሩ ይመረምራል። ፈተናዬን ሁሉ አልፌአለሁ። የቀረኝ አንድ ጥናት ጽፎ በመምህራን ጉባኤ ፊት ቆሞ ማስረዳት ነው። ያ ከሆነልኝ እዚሁ ትምህርት ቤት መምህር እሆናለሁ። መምህሬ ፕሮፌሰር ሻፊቅ «ስለ ፈረንሳይና ስለ እንግሊዝ ያልጻፈ የለም፤ አንተ እኛ የማናውቀውን ጻፍልን» አሉኝ።

ስለ አገሬ ልጽፍ ብዕር ባነሣ የማውቀው ጥቂት ሆኖ አገኘሁት። ከቤት የወጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ለከተማ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ አደራዎን፤ ጭቃ ሹም እንዴት እንደሚሾም፣ ሰው ከወይራው ሥር ሲመክር ማን እንደሚናገርና ማን እንደሚፈርድ ዘርዝረው ይጻፉልኝ። ገንዘብም ስንቅም አልጠይቅዎትም፤ ይህንኑ ብቻ ነው።

የእኅትዎ ልጅ ታረቀኝ

*

ደብረ ኤልያስ፣ የካቲት 19 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ፣ ለመንግሥት መርማሪው ለታረቀኝ።

እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ፤ ከጤናው ቀጥሎ ልብ ይስጥህ። አራት ዓመት ሙሉ ባሕር ማዶ ሹም እንዴት እንደሚሾም ተምረህ፣ ስትጨርስ ሹም እንዴት እንደሚሾም እኔን ትጠይቃለህ! ቀድመህ ብትነግረኝ በአንድ ዋንጫ ጠላ አስተምሬህ እዚሁ ትቀር ነበር።

እናትህ ደህና ናት። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ አራተኛውን ጊዜ እያነበብሁ ሳለ «ወረቀቱን ገልብጠህ ይዘኸዋል፤ ከልብህ እየፈጠርህ ነው» ብላ ተቆጣች። እኔ ፊደል የቆጠርሁት አንድ ዳዊት ለሁለት ሆነን፣ ወንድሜ ከየኔታ አጠገብ፣ እኔ ከወዲያ ማዶ ተቀምጬ እንደ ሆነ ዘንግታዋለች። ገልብጬ ካልያዝሁ ዛሬም ፊደሉ አይታየኝም።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ጭቃ ሹም በየዓመቱ ይለወጣል። አገሩን ያቀኑት አባቶች ሦስት ናቸው፤ የሦስቱ ዘሮች በተራ አንዳንድ ዓመት ይሾማሉ። ዘንድሮ ተራው የአስማማው ነው። የሚመኘው ሹመት እንዳይመስልህ። ግብር ቢጎድል የሚጠየቅ እሱ፣ እንግዳ ቢመጣ የሚያሳድር እሱ፣ ዓመቱ ሲያልቅ የሚሰደብም እሱ ነው። ከወይራው ሥር የፈለገ ይናገራል፤ የሚናገር ግን ይቆማል። ተቀምጦ የሚናገር ሰው አይሰማም። በዚህ ምክንያት ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ነገር ያሳጥራል፤ ጎረምሳ ያስረዝማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዝምተኛው ዳኛ ነው። ሸንጎ በተቀመጠ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ከወይራው ግንድ ተደግፎ ይቀመጣል። ሰው ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ ዱላ ቢማዘዝ ትንፍሽ አይልም። ሁሉም ተናግሮ ሲደክመው ወደሱ ዞረው «ያልተባለ ምን አለ?» ይሉታል። እሱም ሁሉ የፈራትን፣ ማንም ያላነሣትን አንዲት ነገር ተናግሮ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። ፍርዱ በዚያች ይቆማል። ፈረንጆችህ ይህ አላቸው? እስቲ ጠይቃቸው።

ይህን ደብዳቤ በመንገድ ላይ የምትከፍት ሰው ብትኖር ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ስትጨርስ ደህና አድርገህ አሽገው።

አጎትህ እንዳላማው

*

ካይሮ፣ ሰኔ 11 ቀን 1930 ዓ.ም.

ውድ አጎቴ አያ እንዳላማው፤

ጤናና ሰላም ከቤትዎ አይለይ። ደብዳቤዎ ግንቦት መጨረሻ ደረሰኝ። ሰው እንዳያየኝ ወደ ዓባይ ዳር ወርጄ ነው ያነበብሁት፤ ስስቅና ሳለቅስ እንዳልገኝ ፈርቼ ነበር። ወንዙን ሳየው «ይህ ውኃ በእነ አያ እንዳላማው ደጅ አልፎ መጣ» አልሁ።

ዝምተኛው ዳኛ የሚሉትን ሳነብ ብድግ አልሁ፤ ትዝ ብሎኛልና! አያ ኃይለ ሚካኤል አልነበሩም? ከወይራው ግንድ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሰው ሁሉ ሲጯጯህ እሳቸው ጭጭ ብለው ይቀመጡ ነበር። ልጅ ሳለሁ እንደዚያ የከበረ ሰው አላየሁም።

ለፕሮፌሰር ሻፊቅ ተርጉሜ ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በኋላም «ሠላሳ ዓመት አስተዳደር አስተማርሁ፤ በየስብሰባው የጎደለው ይህ ሰው ነበር» አሉኝ። አሁን የጥናቴ ዋናው ምዕራፍ እሱ ሆኗል። በሚመጣው ዓመት ሰኔ 3 ቀን በጉባኤው ፊት እቆማለሁ። ስለዚህ ቶሎ ይጻፉልኝ፤ ዝምተኛውን ዳኛ የሚመርጠው ማን ነው? ስንት ዓመት ይቆያል? በእርስዎ ዕድሜ የፈረደው የታወቀ ነገር ካለም ይንገሩኝ።

ታረቀኝ

*

ደብረ ኤልያስ፣ ኅዳር 2 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለታረቀኝ፤ እንደምን ከረምህ? እኛ ደህና ነን። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ መንገዱም እንደምትሰማው ነውና አንሙት ዘገየ። ጤፉ ደህና ነው፤ ባቄላው ዋግ መታው። ነጯ ላም ወለደች።

ስለ ዝምተኛው ዳኛ የጠየቅኸው ደርሶኛል። ደርሶኛል ነው ያልሁህ።

ከዚያ የሚሻል ነገር ልንገርህ። የጣሊያኑ ሹም ከደብረ ማርቆስ «ሹሞቻችሁን አስመዝግቡ» ብሎ ላከ። አስማማው ሄደ። ስሙን፣ የአባቱን ስም ጻፉት፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው አሳተሙት። መስከረም ጠባና ተራው የወልደ ሚካኤል ሆነ። ሹሙ በጥቅምት ሲጠራ ወልደ ሚካኤል ሄደ፤ እኔም ነገር እንዳያመልጠኝ ተከትዬ ሄድሁ። ጣሊያኑ መዝገቡን ገለጠ።

«አስማማው የታለ?»

«አጨዳ ላይ ነው፤» አለ ወልደ ሚካኤል።

«ሹሙ እሱ ነው። ማን ሻረው?»

«መስከረም።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ጣሊያኑ ብዕሩን አንሥቶ «መስከረም የሚባለው ሰው የት ነው የሚኖረው?» አለ። ወልደ ሚካኤል ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። እስከ ዛሬ መስከረምን እያስፈለገ ነው።

ይህን ጻፍላቸው። ይህ ይሻላል። ያኛውን ግድ የለም፤ ባታስረዝመውም ይሆናል።

ዓይኔ እየደከመ ነው፤ መነጽር ብታገኝ ላክልኝ።

እንዳላማው

*

ካይሮ፣ ጥር 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

አያ እንዳላማው፤ ሰላምዎ ይብዛ።

የላኩልኝ የመስከረም ነገር ትምህርት ቤቱን ሁሉ አሳቀ፤ በጥናቱ ውስጥ አገባሁት። ነገር ግን የጠየቅሁዎትን አልመለሱልኝም። ምሥጢር ይሆን? እንደዚያ ከሆነ የሚነገረውን ያህል ብቻ ይንገሩኝ።

ፕሮፌሰር ሻፊቅ የጥናቱን ስም ራሳቸው ለወጡት፤ «ዝምተኛው ዳኛ» ተብሏል። ሊታተም ነው። ከአገራችን ሰው በዚህ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያስተማረ እስከ ዛሬ የለም። አገር የለህም የሚሉኝ ሰዎች እዚህ አሉ፤ ካርታው ላይ በሌላ ቀለም ቀብተውታል። ሰኔ 3 ቀን በፊታቸው ቆሜ አገሬ እንዴት እንደምትተዳደር እነግራቸዋለሁ። የልቤን ነገርሁዎት። ከዚያ በፊት አንዲት መስመር ትድረሰኝ።

ታረቀኝ

*

ደምበጫ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1931 ዓ.ም.

ልጄ ታረቀኝ፤

ይህን የምጽፍልህ በደምበጫ ገበያ፣ ከአንሙት ጭነት ላይ ተደግፌ ነው። ከደብረ ኤልያስ የመጣሁት በበቅሎ ነው፤ አንሙት ሳይነሣ ልድረስበት ብዬ ነው።

የጥር ደብዳቤህን ለእናትህ ሳነብላት የኔታ ወልደ ሰንበት ከደጅ ቆመው ሰሙ። ወንድሜን ፊደል ያስቆጠሩትን የኔታን ታስታውሳቸዋለህ።

«እንዳላማው፣ ይህ ዝምተኛ ዳኛ የሚባለው የማን አገር ነው?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ልጁ በባዕድ ጉባኤ መካከል ሊቆም ነው። ተማሪ ከመምህሩ ያልሰማውን ሰማሁ ብሎ በጉባኤ ቢቀኝ ምን እንደሚያገኘው አንተ አታውቅም፤ ከማዶ ሆነህ ነው የተማርኸው» አሉ። ያን ዕለት እህል አልበላሁም።

ዝምተኛ ዳኛ የለም። ኖሮም አያውቅም። እኔ ነኝ የፈጠርሁት። የደብዳቤው መጨረሻ ደረቅ ቢመስለኝ አንድ የሚያስቅህ ነገር ልጨምር ብዬ ነው፤ የእኛ ሰው ያንን የሚያምን አልመሰለኝም። አንተ በዘጠኝ ዓመትህ እንደ ወጣህ ረሳሁ። አያ ኃይለ ሚካኤል ዝም ይሉ የነበረው ጆሯቸው ስለማይሰማ ነው። «ያልተባለ ምን አለ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ቢጠይቃቸውም አይሰሙም ነበር። ከወይራው ሥር የሚመጡት ለጥላው ነበር።

በሰኔ ስትጽፍልኝ ነገሩ እውነት እንደ መሰለህ አየሁ። በኅዳር ልነግርህ ብዕር አነሣሁ፤ ደስታህን አየሁና ስለ ላም ጻፍሁልህ። ከቀልዱ ይልቅ ያ ነው ጥፋቴ።

አንሙት እየጫነ ነው። በሰኔ 3 ይድረስልህ።

አጎትህ እንዳላማው

*

ካይሮ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለአያ እንዳላማው።

የሚያዝያ ደብዳቤዎ ሰኔ 28 ቀን ደረሰኝ። ጉባኤው ሰኔ 3 ቀን ነበር። ተነሥተው አጨበጨቡልኝ። ከመጪው ጥቅምት ጀምሬ መምህር ነኝ። ጥናቱ ማተሚያ ቤት ገብቷል።

እዚህ ይህን የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም።

መነጽሩን ልኬአለሁ።

ታረቀኝ

*

ደብረ ኤልያስ፣ ኅዳር 25 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለልጄ ለታረቀኝ፤

ደብዳቤህን ለእናትህ አላነበብሁላትም። «ምን ይላል?» ብትለኝ «ደህና ነኝ ይላል» አልኋት። «እንዲህ አጭር ደብዳቤ የሚጽፍ ደህና አይደለም» አለች። ማንበብ አትችልም፤ ርዝመቱን ግን ታያለች።

ያለ እረፍት ሁለት ሳምንት ተቀመጥሁ። ከዚያ ከወይራው ሥር ሸንጎ ሲቀመጥ ቆምሁና ነገሩን ከሥሩ ተናገርሁ። እኔ ስቆም ሰው ሁሉ ለመሳቅ ይዘጋጃል። ጥቂቱ ሳቀ። ስጨርስ የሚስቅ አልነበረም። ወልደ ሚካኤል «ስለ እኛ ነው የዋሸኸው፤ የዋሸኸውም በእኛ ልጅ አፍ ነው» አለኝ።

ፍርዱ ይህ ሆነ። ከእንግዲህ ለባሕር ማዶ የምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ዋስ ይኑረው ተባልሁ። ዋስ የሚሆነኝ ጠፋ። በመጨረሻ የኔታ ወልደ ሰንበት «እኔ እሆነዋለሁ» አሉ። የምጽፈውን ሁሉ ከመታሸጉ በፊት አነብላቸዋለሁ። አንዲት ውሸት ሳያርሙ ካለፉ አንድ በግ ለሸንጎው ይከፍላሉ። ያላቸው በግ ደግሞ አንድ ነው።

ሽማግሎቹ ለመምህርህ የሚሆን ይህን ጨምረውልሃል፤ የጻፉት የኔታ ናቸው፤

«እኛ የደብረ ኤልያስ ሽማግሎች፣ ለታረቀኝ መምህር። ዝምተኛ ዳኛ የሚባል በአገራችን የለም። ልጁ አልዋሸም፤ የዋሸው አጎቱ ነው፤ በፊታችንም አምኗል። ልጁ ወደ ፊት ስለ አገራችን ለሚጽፈው እኛ ዋስ ነን። የማያውቀውን ይጠይቀን። ስንሳሳት ልጆቻችን ዋስ ናቸው።»

ከሥሩ የአሥራ አንድ ሰው አውራ ጣት አለበት። ቀለሙ የጣሊያኑ ሹም ለምዝገባ የላከው ነው፤ ተርፎ ነበር።

ወረቀቱን ለመምህርህ ብትሰጠውም፣ ብታቃጥለውም የአንተ ፈንታ ነው። ምን አድርግ ብዬ አልመክርህም። ምክሬ የት እንዳደረሰህ አይተናል።

እንዳላማው

ሰምቻለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። በጉ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ጠቦት ስለሆነ ነው ያልቆጠረው። ወልደ ሰንበት።

*

ካይሮ፣ መጋቢት 8 ቀን 1932 ዓ.ም.

ውድ አጎቴ አያ እንዳላማው፤ እንደምን ሰንብተዋል? የኔታስ?

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በየካቲት ነው። እኔ ግን ከዚያ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር።

በኅዳር ወር ስለ ዝምተኛው ዳኛ አስተማርሁ። ሦስት ጊዜ አስተላልፌው ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚቻል አልሆነም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «መምህር ሆይ፣ ዝምተኛው ዳኛ ራሱ ቢዋሽስ?» አለኝ። ጠመኔውን አስቀመጥሁ። ትምህርቱ ለዛሬ አበቃ ብዬ በቀጥታ ወደ ፕሮፌሰር ሻፊቅ ቤት ሄድሁ።

ሁሉን ነገርኋቸው፤ የሐምሌውንም የእኔን ዝምታ ጨምሬ። «አጎትህ ስንት ዓመታቸው ነው?» አሉኝ።

«ሃምሳ ስምንት።»

«እኔ መሳቅ እችላለሁ፤» አሉ፤ «ጉባኤው ግን አይስቅም።»

አልሳቀም። ጥናቱ ከማተሚያ ቤት ተመለሰ። ወንበሩን ለቀቅሁ። አሁን በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የመጻሕፍት ስም እገለብጣለሁ። አንዳንዶቹ መምህራን ሲያገኙኝ «ያልተባለ ምን አለ?» ይሉኛል። እለምደዋለሁ።

አልቆጣሁም ብል የኔታ ከዚያ ሆነው ያውቁብኛል። በእርስዎ ተቆጥቼ ነበር። ግን አምስት ወር ሙሉ እኔም ዝም ብያለሁ፤ ከጥቅምት ጀምሮም ደመወዝ በልቻለሁ፤ ለዚህ እርስዎን አልከስም።

አሁን ደግሞ ይህን ይስሙ። የሽማግሎቹን ወረቀትና የበጉን ፍርድ ለፕሮፌሰር ሻፊቅ ተርጉሜ አነበብሁላቸው። አሥራ አንዱን አውራ ጣት አንድ በአንድ ተመለከቱ። «ይህን ያዘዛቸው ማን ነው?» አሉ። ማንም አልሁ። «ሰውየው በጉን አልከፍልም ቢል ማን ያስከፍለዋል? መንግሥት የለም፤ ፖሊስ የለም።» አላውቅም አልሁ። «እንግዲያው ሂድና እወቅ። ሁለተኛ የምቆምልህ ለዚህ ነው፤ ሦስተኛ የለም» አሉኝ።

አያ እንዳላማው፣ ዋስ እንዴት ይሠራል? የኔታ እየሰሙ ይጻፉልኝ።

ታረቀኝ

*

ደብረ ኤልያስ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለመጻሕፍት ስም ገልባጩ ለታረቀኝ፤

ወንበርህን ያስለቀቅሁህ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከወንበርህ በታች ሆኜ ሰላም እልሃለሁ። በመናገርህ እናትህ ኮራች። እኔ ምንም አልተሰማኝም።

የኔታ ወልደ ሰንበት፦ ሐሰት። ከጎተራው ኋላ ሄዶ አለቀሰ።

ታያለህ ኑሮዬን! እሺ፤ ዋስ እንዲህ ነው። ሰው ከሰው ሲጣላ «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ያ ሰው ዋስ ካልጠራ ከቦታው አይነቃነቅም። ዋሱ የቆመለት ሰው እንደማይጠፋ፣ የተፈረደበትንም እንደሚከፍል ይያዛል። ዋሱ ቢክድ የዋስ ዋስ አለ። የዋስ ዋስ ቢክድ ለቅሶ ሲደርስበት ማንም አይመጣለትም፤ እርሻው ሲደርስ ወንፈል ገብቶ የሚያግዘው የለም። መምህርህ ማን ያስከፍለዋል ካሉ ይህን ንገራቸው፤ ብቻውን የሚያርስና ብቻውን የሚቀበር ሰው የለም።

ዳኛ ከሌለስ? በመንገድ የሚያልፍ ሰው ዳኛ ነው። «በሕግ አምላክ» ካሉት ጭነቱን አውርዶ መስማት አለበት። ነገሩ በዋለበት ካላለቀ ሁለቱ ባላጋሮች የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ወደ ትልቁ ዳኛ ይሄዳሉ። አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ። እኔ ራሴ በጉልምስናዬ ከአስማማው ጋር በወሰን ተጣልቼ ተቋጥረን ስንሄድ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ የሚያጣላኝ ነገር ጠፋብኝ። መንገድ ላይ ያመመውን እግሩን አሽቼለት ከዳኛው ሳንደርስ ተመለስን።

የኔታ ወልደ ሰንበት፦ እውነት ነው። እግሩን ያመመው ግን እንዳላማው ነበር፤ ያሸውም አስማማው ነው።

ያኛውን ፈጠራዬን አምነህ ይህን ሳታምን እንዳትቀር። ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ተጣልቷል ይላሉ፤ አንሙት ድንበሩ ላይ ብዙ ሰው አየሁ አለ። የቀረውን ዓይን ያያል።

እንዳላማው

*

ካይሮ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1933 ዓ.ም.

አያ እንዳላማው፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃዎ!

የደብረ ማርቆስን ነፃ መውጣት በራዲዮ ሰማሁ። የፈረንጁ አነባብ የከተማችንን ስም አበላሽቶት ነበር፤ ቢሆንም አወቅሁት። ማን እንደ ተረፈ፣ ቤቱ እንደ ቆመ ይንገሩኝ።

የእኔም ነገር ይህ ነው። መጋቢት 12 ቀን እንደገና በጉባኤው ፊት ቆምሁ። ስለ ዋስ ተናገርሁ። በልብሳቸው ስለ ተቋጠሩት ባላጋሮች ስደርስ አንዱ ሽማግሌ መምህር እጃቸውን አንሥተው «ይህንንም አጎትህ ናቸው የነገሩህ?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። «አዎን» አልሁ፤ ደብዳቤዎን አውጥቼ የኔታ ያረሙትን ሁለቱን መስመር አነበብሁላቸው፤ ስለ እግሩም፣ ስለ ልቅሶውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሽማግሌው መምህር «አራሚ ያለው ምስክር እዚህም የለንም» አሉና ተቀመጡ። በአንድ ድምፅ አለፈ። በዚህ ጊዜ ያጨበጨበ የለም፤ ግን ወንበሩ ተመልሶልኛል፤ ያውም የዘለቄታ ነው።

አሁን የምጠይቅዎ ምክር ነው። እዚህ ወንበር አለኝ፤ ቢያንስ አምስት ዓመት የሚያስር ውል ነው። አገር ቤት ደግሞ የተማረ ሰው ይመለስ እየተባለ ነው፤ ምን ሥራ እንደሚኖረኝ የሚያውቅ የለም። ውሉን እስከ ነሐሴ መጨረሻ መፈረም አለብኝ። ልምጣ ወይስ ልቅር? እናቴና እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

ታረቀኝ

*

ደብረ ኤልያስ፣ ሰኔ 17 ቀን 1933 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህር ታረቀኝ፤ ወንበሩ ለጸናለት፣ አጎቱን በአደባባይ ላስለቀሰ።

ሁላችንም አለን። የአስማማው ጎተራ ተቃጠለ፤ ሰው አልሞተብንም። ቤትህ ቆሟል። እናትህ አርጅታለች፤ ግን ድምፅዋ እስከ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ጣሊያኑ ሹም ሲሄድ መዝገቡን ጥሎት ሄደ። ወልደ ሚካኤል አምጥቶ አሳየኝ፤ በአስማማው ስም ትይዩ የጥያቄ ምልክት አለበት።

ምክር ጠየቅኸኝ። በብዙ አስቤበታለሁ። ቅር። ውሉን ፈርም። ሰው ወድቆ የተነሣበትን ወንበር አይለቅም። እዚህ መጥተህ ምን ትሆናለህ? ምናልባት ጸሐፊ ያደርጉህ ይሆናል፤ ማኅተም ስታስቀምጥ ትውላለህ። እናትህም እንደዚሁ ትላለች። ስለ እኛ አታስብ፤ ሥራው በዝቶብናል፤ ለመናፈቅ ጊዜ የለንም። እኔማ አንዳንድ ሳምንት ስምህን ሳላነሣ ያልፋል። በዚህ እርግጠኛ ሆነህ ፈርም። እግዚአብሔር ደቀ መዛሙርትህን ያብዛልህ።

አጎትህ እንዳላማው

የኔታ ወልደ ሰንበት፦ ይህን ሁሉ ሲነበብ ሰምቻለሁ። የጎተራው፣ የቤቱ፣ የመዝገቡ ነገር እውነት ነው። የወንበሩም ምክር ክፉ አይደለም። ከዚያ በታች ያለው ግን ሐሰት ነው። ደብዳቤህ ከመጣ ወዲህ በየቀኑ ወደ ደምበጫ መንገድ የሚያሳየው ጉብታ ላይ ይወጣል፤ «በቅሎዋን ላሰማራ ነው» ይላል፤ በቅሎዋ ግን ቤት ናት። እናትህም ይህን አላለችም፤ ያለችውን ልጻፍ ብለው ከለከለኝ። ያለችው «ይምጣ አልልም፤ ግን በሩን በሰፊው አሠሩልኝ» ነው። ልምጣ ወይስ ልቅር ላልኸው እኔ አልመክርህም፤ ዋስ የሆንሁት ለምክር አይደለም። ውሸት ሰምቼ ባሳልፍ በጌን አጣለሁ፤ ስለዚህ ጻፍሁት።

የኔታ ከፈረሙ በኋላ ወረቀቱን ከእጃቸው ነጥቄ የጨመርሁት፦

እውነታቸውን ነው። በጉን እኔ እከፍላለሁ።